ኃላፊ

ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው፤ በቀን ሂሳብ የሚከፈል፣
የወዲያውን ወደ ወዲህ፣ የወዲሁን ወዲያ ማካፈል።
የዚያን ዕለት፣ በኅዳር፣ ከጫጫ ከተማ ዞሮ
አፋፉ ላይ ቆመናል፣ አመዳይ ሣር ላይ አድሮ።
ዮሪስ የሚሉት እንግዳ፣ ከማቅለሚያው ፋብሪካ የመጣ፣
ሁለት መቶ ብርድ ልብስ ከመኪና ሆድ አወጣ።

ቀይ ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ ዓርማ አለው።
መጽሔትም ይዟል በእጁ፣ ገጹ የሚያብረቀርቀው፦
ይኸው ብርድ ልብስ በፔሩ፣ ይኸው በቬትናም መንደር፣
ይኸው የፈገገ ሕፃን፣ ይኸው ሹም ቆሞ ከዳር።
«አንድ ልብ በየአገሩ» ይላል ከሥሩ ሲነበብ።
ወይዘሮ ደብሪቱ ግን፣ ጥግ ይዛ ስትታዘብ፣
እንዝርቷ ቆሟል በጣቷ። ክረምት ሦስት ያልበገረው
የባሏ ሽመና ባና ትከሻዋ ላይ ነው።
በበግ አገር፣ በጠጉር አገር፣
ማን ለማን ነው የሚቸረው?

«ንገሪልኝ» አለ ዮሪስ፣ «ይህ ምጽዋት እንዳይመስላቸው፤
ማኅበራዊ ኃላፊነት ነው፤ ድርጅታችን ያለበት ዕዳው።»
ተረጎምኩት።
ጋሽ ዘርጋው ዱላቸውን ተክለው ተነሡ፦

«ኃላፊ ነን ነው የሚሉት? እኛም እኮ ኃላፊ ነን፤
እንደ ጤዛ ታይተን፣ ፀሐይ ሲወጣ የምንጠፋ ነን።
የዚህ ሰውዬ ኃላፊነት፣ እስቲ ንገሪኝ፣ የቱ ነው?
ለነገሩ የሚቆም ነው፣ ወይስ እንደ መንገደኛ አላፊ ነው?
ያ ወንዝስ? ፋብሪካው ሲያጥብ ሰማያዊ አድርጎ የለቀቀው፣
በጌ አሽትቶ የሸሸው፣ የግልገሌን ሆድ የነፋው?»

ዝም አልኩ። ወርቁ ከሰሙ ሥር እንዲህ ተደብቆ
በየትኛው ድልድይ ያልፋል፣ ሳይሰበር ባሕር ዘልቆ?
ሁሉም ያየኛል። ነፋስ አለ። ደመወዜም ትዝ አለኝ።
«እናመሰግናለን ይላሉ» አልኩት።
ምላሴ ከበደኝ።
ዮሪስ በደስታ ሣቀ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።
በሁለት መቶ ትከሻ ላይ ሁለት መቶ ዓርማ ዋለ።

ሲመሽ ወደ ደብረ ብርሃን። መኪናው ውስጥ ይሞቃል፤
እኔን ግን በረደኝ።
«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ሽማግሌው አላመሰገኑም።»
ነገርኩት፣ አንድ በአንድ፣ የወንዙን፣ የባናውን፣ የቃሉን፤
ኃላፊ ሲባል በእኛ አፍ ሁለት ሰው እንደሚጠራ፣
አንዱ ቆሞ የሚጠየቅ፣ አንዱ የሚሄድ በጎራ።
አልተቆጣም። ብዙ ዝም አለ። የጠባሴ መብራት ታየ።
«ታዲያ የሚቆመውን በምን ትለያላችሁ?» አለ፣ መንገዱን እያየ።

«በዕድር መዝገብ» አልኩት።
«ሰጪ እዚያ ላይ አይጻፍም። ድንኳን ተካይ፣ መቃብር ቆፋሪ፣
ሦስት ሌሊት አብሮ አዳሪ፣
የመጣ ሁሉ አይጻፍም፤ የቀረ ነው የሚጻፍ።
መምጣትማ እንደ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽን ማን አለ የሚጽፍ?»

የካቲት። ቅዳሜ። ሰው ወጣ አካፋና ዶማ ይዞ፤
ቧንቧው ከፋብሪካ መጣ፣ ድንጋዩ በአህያ ተጓጉዞ።
ለማጣሪያው ሦስት ኩሬ ከወንዙ በላይ ሊቆፈር፣
ጋሽ ዘርጋው መዝገብ ገልጠው ስም ይጠራሉ ከዳር፦
«ሸዋንግዛው?» «አቤት!»
«ዳምጠው?» «አቤት!»
«ደብሪቱ?» «ይኸው አለሁ!»
«ፋብሪካው?»

«ፋብሪካው?»

እርሳሱ ወረቀት ነካ፣ «ቀረ» ብለው ሊጽፉ፤
ያኔ ከአቀበቱ ሥር ሮጦ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ካፉ፣
ዮሪስ ደረሰ። ጎማ ፈንድቶበት፣ እጁ ቅባት በቅባት።
«አርፍዷል» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «የአርፋጅ አሥር ብር ቅጣት።»
ከፈለ። ቀጥሎ ጠየቀኝ፦ «ደረሰኝ ይሰጡኛል ወይ?»
ተረጎምኩ፣ ቃል ሳላስቀር። ሣቁ አስተጋባ ገደሉ ላይ።

ደብሪቱ ዶማ አቀበለችው። ቀዩን ብርድ ልብስ አየሁት፦
ከአህያዋ ጀርባ ላይ ነው፤ ድንጋይ እንዳይልጣት ከጭነቱ ሥር አነጠፉት።
ጋሽ ዘርጋው ከመዝገቡ ጫፍ ብጣሽ ቀደው ጻፉለት፦
«ከኃላፊው፣ አሥር ብር።»

«ምን ይላል?» አለኝ ዮሪስ።
ወንዙ ገና ሰማያዊ ነው። ወደዚያ አሳየሁት።